ከጦር ኃይሎች ወደ ወጨጫ፦ በመናገሻ ሱባ ደን ከአስጎብኚ ጋር የሚደረግ የእግር ጉዞ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጦር ኃይሎች የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር የሚያበቃበት፣ ታክሲና አውቶቡስ ከየአቅጣጫው የሚገናኝበት፣ ከማለዳ እስከ ምሽት ግርግር የማይለየው አካባቢ ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ከዚህ ሥፍራ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው የወጨጫን ተራራ ያያል፤ በተራራው ደቡብ ምዕራባዊ ተዳፋት ላይ ደግሞ በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ተጠብቀው ከቆዩት ደኖች አንዱ የሆነው የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ያለ እረፍት ስትሻ በኖረች ዋና ከተማ ደጃፍ ይህ ደን እስከ ዛሬ መቆየቱ በአጋጣሚ የመጣ ሳይሆን በየዘመኑ የሚጠብቀው ሰው ስላልታጣ ነው፤ ዛሬ አንድ ጎብኚ ከአስጎብኚ ጋር በደኑ ውስጥ የሚያደርገው የእግር ጉዞም፣ በአግባቡ ከተካሄደ፣ የዚሁ ጥበቃ አካል ይሆናል።

ስለ ደኑ ዓይነት አስቀድሞ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጥቅጥቅ ያለና እርጥበት የበዛበት ደን ሁሉ በልማድ «የዝናብ ደን» ሲባል ይሰማል። የዝናብ ደን የሚባለው ዓመቱን ሙሉ ወይም አብዛኛውን ወራት ዝናብ በሚያገኝ አካባቢ የሚበቅል፣ ረጃጅሞቹ ዛፎች አናት ላይ ተገናኝተው ጣሪያ የሚሠሩበት፣ ከሥራቸውም ሌሎች ዛፎች፣ ሐረጎችና ቁጥቋጦዎች በየደረጃው የሚኖሩበት ደን ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የዚህ ዓይነት ደን የሚገኘው በዋናነት በደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል፣ በከፋ፣ በሸካ፣ በማጃንግና በያዩ አካባቢዎች ነው። መናገሻ ሱባ ግን ዝናቡ በአመዛኙ በክረምት የሚከማችበት፣ ዛፎቹ በበጋም ቅጠላቸውን የማያረግፉበት የደጋ ደን ነው፤ የዕፅዋት ተመራማሪዎችም ደረቅ የአፍሪካ ተራራ ደን ከሚሉት ወገን ይመድቡታል። «ደረቅ» መባሉ ግን ሊያሳስት አይገባም፤ ከጥላው ሥር የገባ ሰው እርጥብ አፈርና በዛፍ ሽበት የተሸፈነ ግንድ እንጂ ድርቀት አይገጥመውም።

የደኑ ታሪክ በአብዛኛው ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ስም ጋር ይያያዛል። እኚህ ንጉሥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት፣ በወጨጫ አካባቢ ደን ተመናምኖ ባዩ ጊዜ በዛሬው ሰሜን ሸዋ ዞን ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉ ይነገራል፤ በዚህም ምክንያት መናገሻ ሱባ በአፍሪካ በሕግ ከተጠበቁት ደኖች ሁሉ ቀደምቱ ነው የሚሉ ጥቂት አይደሉም። በትውፊት ከሚተረከው ይልቅ በቅርበት የሚታወቀው የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተመሠረተች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጨፍጭፎ አለቀ፤ የእንጨት እጥረቱም ንጉሡ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በአዲስ ዓለም አዲስ መናገሻ እስከ ማሠራት አደረሳቸው። ከተማዋ ከመፈታት የተረፈችው ከአውስትራሊያ የተገኘው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ የማገዶውንና የግንባታውን ፍላጎት መሸከም በመቻሉ ነው። የእንጨት ነጋዴና የአናጢ መጥረቢያ ከጦር ኃይሎች ማዶ ያለውን ተራራ ሙሉ በሙሉ ሳያራቁት የቀረው በአንድ በኩል በዚህ ዛፍ፣ በሌላ በኩል ደኑ የመንግሥት ሆኖ በጥበቃ ሥር በመቆየቱ ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ጥበቃው ያለ ጉዳት አላለፈም፤ በየጊዜው የተቆረጠው ክፍል በባሕር ዛፍ፣ በፈረንጅ ጽድና በመሳሰሉት የውጭ ዛፎች ስለተተካ፣ ጎብኚ በመጀመሪያ የሚያልፈው በረድፍ የተተከለውን ደን ነው።

ከዚህ የተተከለ ደን አልፎ ወደ ተፈጥሮው ደን ሲገባ ለውጡ ወዲያው ይታወቃል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት ያለ ረድፍ፣ ያለ እኩል ቁመት፣ አሮጌውና ለጋው ተደባልቀው ይታያሉ። ጽድ ምስጥ የማይደፍረውና ቶሎ የማይበሰብስ በመሆኑ ለአብያተ ክርስቲያናት ግንባታና ለአጥር ሲፈለግ የኖረ፣ ነገር ግን አዝግሞ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ በአንድ ቀን የሚቆረጠውን ግንድ መልሶ ለማግኘት የሰው ዕድሜ አይበቃም። ከፍ እያሉ ሲሄዱ ኮሶ ይመጣል። ኮሶ ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ዛፍ የሚገኙበት፣ የሴቴው ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ለትውልዶች የኮሶ ትል መድኃኒት ሆኖ ያገለገለ ዛፍ ነው፤ ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ይህን ዛፍ የማያውቅ ቤት አልነበረም፣ ዛሬ ግን ስሙን እንጂ ዛፉን ቆሞ ያየ የከተማ ወጣት ማግኘት ይከብዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ዛፎቹ እያጠሩ፣ አስታ የሚባለው ቅጠለ ደቃቅ ቁጥቋጦ ቦታውን እየያዘ ይሄዳል፤ የተራራው ጫፍም ከባሕር ጠለል በላይ 3,385 ሜትር ላይ ይደርሳል። ወጨጫ ከረጅም ዘመን በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከተዳፋቱ የሚወርዱት ጅረቶችም ወደ አዋሽ ስለሚገቡ፣ እዚህ ያለው ዛፍ ውኃ የሚያቆየው ለሱባ ገበሬ ብቻ ሳይሆን በሩቅ ቆላ አዋሽን ለሚጠጣው ሰውና ከብት ጭምር ነው።

ከየቅርንጫፉ ተንጠልጥሎ የሚታየው ግራጫ ሽበት አንድ ተክል ሳይሆን ፈንገስና አልጌ ተደጋግፈው የሚኖሩበት ሊከን የሚባል ሕይወት ነው። ሊከን ሥር ስለሌለው የሚያስፈልገውን ውኃና ማዕድን ከአየር ላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ አየሩ በጭስ ሲበከል ቀድሞ ይጠፋል። ከጦር ኃይሎች አደባባይ የተሽከርካሪ ጭስ የተነሣ መንገደኛ በአንድ ጠዋት ውስጥ ምን ያህል የተለየ አየር ወዳለበት ሥፍራ እንደ ደረሰ ለማወቅ ይህን የዛፍ ሽበት ማየት ይበቃዋል።

እንስሳቱን ለማየት ዓይን ብቻ አይበቃም፤ ጆሮና ትዕግሥትም ይጠይቃል። የምኒልክ ድኩላ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ የድኩላ ዝርያ፣ ወንዱ ጠቆር ያለ በመሆኑ ከጥላው ጋር ይመሳሰላል፤ ሚዳቋና ከርከሮም ኮቴ ሲሰሙ ይሰወራሉ፤ ነብር በደኑ ቢኖርም መኖሩ የሚታወቀው ከራሱ ይልቅ በዱካው ነው። ጉሬዛ ግን አይደበቅም። ጥቁር ገላው ላይ ከትከሻው እስከ ወገቡ የሚወርድ ነጭ ጸጉር ያለው ይህ የዝንጀሮ ዘመድ ኑሮው በዛፍ ጫፍ፣ ምግቡም በአብዛኛው ቅጠል ነው፤ ጨጓራው እንደ አመንዣኪ ከብት በክፍል በክፍል የተሠራ ስለሆነ ሌሎች ጦጣዎች የማይደፍሩትን ጠንካራ ቅጠል በባክቴሪያ እየታገዘ ይፈጫል፣ ከዚያም ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ ያርፋል። አውራ ጣቱ እጅግ ትንሽ ወይም ጨርሶ የሌለ በመሆኑ ቅርንጫፍ የሚይዘው በአራቱ ጣቶቹ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሲሆን የእናቱን መልክ የሚይዘው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው፤ በእናቱ ጥቁር ደረት ላይ የተለጠፈ ነጭ ግልገል ያየ ጎብኚ የጉዞውን ዋጋ አግኝቷል። ጉሬዛ ቀድሞ ቆዳው ለምንጣፍና ለጌጥ ሲባል ብዙ የታደነ እንስሳ ነበርና ዛሬ ከሰው ሳይሸሽ መታየቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ከአእዋፍ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ግንባረ ቢጫ በቀቀንና በአካባቢያችን አገሮች ብቻ የሚኖረው ጉንጨ ነጭ ቱራኮ ይታያሉ። ቱራኮ ተቀምጦ ሳለ አረንጓዴ ነው፤ ሲበር ግን በክንፉ ውስጥ ያለው ደማቅ ቀይ ይገለጣል፣ ይህም ቀለም መዳብ የያዘና ከቱራኮ ወገን ውጭ በሌላ ወፍ የማይገኝ ነው። ፍሬ በልቶ ዘሩን ሌላ ቦታ ስለሚጥል ከደኑ ተካዮች አንዱ ነው።

ይህን ሁሉ ለብቻው የሚያይ ጎብኚ እምብዛም የለም። አስጎብኚ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ለደኅንነት ነው፤ የከብት መንገድ፣ የማገዶ ለቃሚ መንገድና የጎብኚ መንገድ በየቦታው ስለሚቆራረጡ፣ ጉም በወረደ ጊዜ አቅጣጫ መሳት ቀላል ነው። ከዚህም በላይ አስጎብኚው የአካባቢው ሰው ሲሆን ጉሬዛው በየትኛው ሰዓት ከየትኛው ዛፍ እንደሚውል፣ ከየትኛው ምንጭ ውኃ እንደሚጠጣ፣ የትኛው መንገድ ዘንቦበት እንደሚያንሸራትት ያውቃል። በዓለም ላይ ይህ አሠራር ግዴታ የሆነባቸው ቦታዎች አሉ፤ በኡጋንዳ የብዊንዲ ብሔራዊ ፓርክ ጎሪላ ለማየት የሚገባ ሰው ከአስጎብኚ ጋር፣ በአንድ ቡድን ከ8 ሳይበልጥ፣ ከእንስሳቱ ጋርም ለአንድ ሰዓት ብቻ እንዲቆይ ይደረጋል፣ ከፓርኩ የመግቢያ ገቢም የተወሰነው ለአጎራባች ነዋሪዎች ይመለሳል። በኢትዮጵያም የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ የባዮስፌር ክልል ማለት መሐሉ ፈጽሞ የማይነካ፣ ዙሪያው በጥንቃቄ የሚሠራበት፣ ከዚያ ውጭ ያለው ደግሞ ሰው የሚኖርበትና የሚያርስበት ተብሎ የተከፈለ የጥበቃ ሥፍራ ነው። በሰበታ ከተማ የሚያልፈው የጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በከፋ እስከምትገኘው ቦንጋ ስለሚያደርስ፣ እውነተኛውን የዝናብ ደን ማየት የሚሻ ሰው በዚያው መንገድ ሊቀጥል ይችላል።

በደኑ ዳርቻ ለሚኖር ገበሬ የቆመ ዛፍ ገቢ ካላመጣለት የተቆረጠው እንደሚያመጣለት ማንም ያውቃል፤ ሰበታም የሸገር ከተማ አካል ሆና እየሰፋች፣ ቤትና ፋብሪካ ወደ ተራራው እየቀረበ ሳለ ይህ ሒሳብ ከመቼውም ይልቅ ይከብዳል። ስለዚህ ለአስጎብኚው የሚከፈለው ክፍያ ለእግር መንገድ ብቻ የተከፈለ አይደለም፤ ወጣቱ ከመጋዝ ይልቅ በደኑ እውቀት እንዲተዳደር የሚያደርግ ነው።

ከጦር ኃይሎች የሚነሣ ሰው በአየር ጤና አድርጎ ወደ ሰበታ ይወጣል፤ ከሰበታ በኋላ አስፋልቱን ትቶ ወደ ሱባ የሚወስደውን ኮረኮንች መንገድ ይይዛል፣ አጠቃላይ ርቀቱም 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በክረምት መንገዱ ስለሚጨቀይ ከመስከረም አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ የደንና የዱር እንስሳት ድርጅት ስለሆነ፣ ከመነሣት በፊት ስለ መግቢያ ፈቃድና ስለ አካባቢው ጸጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጎብኚው የማያንሸራትት ጫማ፣ የዝናብ ልብስና በቂ ውኃ ይዞ በማለዳ ይነሣ፤ ለጉሬዛ ምግብ አይወርውር፣ እሳት አያንድድ፣ የያዘውን ፕላስቲክ መልሶ ይውሰድ፤ የመግቢያውን ደረሰኝ ይቀበል፣ የአስጎብኚውንም ዋጋ ሳይከራከር ይክፈል።