እግዚአብሔርን ማመን ሞኝነት ነውን?



አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአምልኮ በኋላ ቀረበኝና፣ «ፓስተር፣ የዶርም ጓደኛዬ ‹እግዚአብሔር መኖሩን አረጋግጥልኝ፤ ካልቻልክ እምነትህ ከእናትህ የወረስከው ልማድ ነው› አለኝ። መልስ አጣሁ። አሁን መጸለይም እያፈርኩ ነው» አለኝ።

እስቲ እንጠይቅ፦ የምናውቀውን ሁሉ በማስረጃ ነው እንዴ የምናውቀው? ትናንት ማታ ምን እንደበላህ ታውቃለህ። በምን? በትዝታህ። ትዝታህ እንደማይዋሽህስ በምን ታረጋግጣለህ? እዚያ ጋ ማስረጃው ያልቃል፤ ግን ማንም ሞኝ አይልህም። «ከእናትህ ሰማህ» ለሚለውም፣ እሳት ያቃጥላል ያለችንም እናታችን ናት። ከማን ሰማህ ሌላ፣ እውነት ነው ወይ ሌላ።

የተሐድሶው መምህር ጆን ካልቪን እግዚአብሔር እርሱን የሚያውቅ ስሜት በሰው ልብ እንደ ተከለ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጽፏል። አሜሪካዊው ፈላስፋ አልቪን ፕላንቲንጋም በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን አብራርቷል። ይህ ሐሳብ እግዚአብሔር ስለ መኖሩ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ራሱ ያምናል። ነገር ግን እግዚአብሔር ካለ፣ እንድናውቀው አድርጎ ሳይሠራን አይቀርም። ስለዚህ «እምነትህ ከአእምሮ ውጭ ነው» የሚል ሰው አስቀድሞ እግዚአብሔር አለመኖሩን ማሳየት አለበት።

ጳውሎስም በሮሜ 1፥19-20 የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ የፈጣሪ ኃይልና አምላክነት ከፍጥረት ሥራው ለሰው ሁሉ ግልጥ ነው። በአቴና ሲሰብክም የጀመረው ሰዎቹ ሳያውቁት ከሚያመልኩት አምላክ መሠዊያ ነበር።

ታዲያ ሁሉም ለምን አያምንም? ዓይን ሞራ ቢጋርደው ፀሐይ ጠፋች አይባልም። ኃጢአት ያንን ዕውቀት አደብዝዞታል፤ ሰውም እውነትን ያፍናል።

ግን ወገኖቼ፣ ልብ እንበል! ፈጣሪ እንዳለ ማወቅ መዳን አይደለም። አጋንንትም ያምናሉ፤ ይንቀጠቀጣሉም (ያዕቆብ 2፥19)። ኅሊናህ ፈራጅ እንዳለ ይነግርሃል፤ አዳኝ እንዳለ የሚነግርህ ግን ወንጌል ነው።

ለዚያ ወንድም እንዲህ አልኩት፦ «ጸሎትህን አትተው፤ አትፈር። ጓደኛህንም አትናቀው፤ ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው። አብራችሁ ቁጭ በሉና የዮሐንስን ወንጌል አንብቡ።»

አንተስ፣ አንቺስ? ልባችሁ የሚያውቀውን አምላክ ዛሬ በልጁ በኢየሱስ በኩል ቅረቡት። ጌታ ይባርካችሁ።