ሰርቨሩን ሳያጠፉ ኔትዎርኩን ስለ ማስነሣት

የንግድ ቤት ሒሳብ፥ የመጋዘን ቆጠራና የሽያጭ ደረሰኝ በኮምፒዩተር ከተያዘ ወዲህ፥ ዓይን የማያየው አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሲቆም ሱቁ በሙሉ ይቆማል። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በታወከ ጊዜ አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋርጦ ነበር፤ ባንኩም ምክንያቱ የውጭ ጥቃት እንዳልነበረ ገልጧል። ትልቁን ባንክ ያገኘ የውስጥ እክል፥ በዐይነቱ ቢለይም፥ የጎንደርን ጅምላ ሻጭ አያገኘውም አይባልም።

ዛሬ አንድ ሰርቨር በውስጡ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን ይሸከማል፤ አንዱ ሒሳብ ይይዛል፥ ሌላው ዕቃ ይቈጥራል። በሊኑክስ ላይ እነዚህን ከሚያስተዳድሩት ፕሮግራሞች አንዱ ሊብቨርት ነው። ሊብቨርት ለማሽኖቹ መገናኛ ድልድይ ይዘረጋል፤ ዲኤንኤስማስክ የተባለውንም ረዳት አቁሞ ለእያንዳንዱ ማሽን አድራሻ ያሳድላል። የተለመደው አድራሻ ከ192.168.122.2 እስከ 192.168.122.254 ያለው ነው።

ይህ ረዳት ቢቆም፥ አድራሻውን አስቀድሞ የተቀበለ ማሽን ለጊዜው ይሠራል፤ አዲስ የተነሣው ግን አድራሻ አጥቶ ይቀራል። መብራት ሄዶ ሲመለስም፥ በራሱ እንዲነሣ ያልታዘዘ ኔትዎርክ ተኝቶ ይቈያል። ሌላ ፕሮግራም በር ቍጥር 53ን ቀድሞ ከያዘም ረዳቱ ላይነሣ ይችላል። የመከላከያው ፋየርዎል እንደ ገና ሲጫን ደግሞ፥ የሊብቨርት ደንቦች ተፍቀው ማሽኖቹ ወደ ውጭ መውጫ ሊያጡ ይችላሉ።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት የሰርቨሩን ኀይል መንቀል ነው። ይህ ግን በጽሕፈት ላይ ያለውን ደረሰኝ ያስቀራል፥ መዝገቡንም ሊያበላሽ ይችላል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ኔትዎርኩ መነሣቱ ይመርመር፤ ተኝቶ ከተገኘ ይነሣ፥ ወደ ፊትም በራሱ እንዲነሣ ይታዘዝ። ተነሥቶ ሳለ ካልሠራ የሊብቨርት አገልግሎት ብቻ እንደ ገና ይጀመር፤ በሥራ ላይ ያሉት ማሽኖች በዚህ አይቆሙም፥ ረዳቱና ደንቦቹም ይመለሳሉ። ይህም ካልረዳ ኔትዎርኩ ቆሞ ይነሣ። የማቆሚያው ትእዛዝ «ዲስትሮይ» መባሉ ያስፈራል፤ ሆኖም ተመዝግቦ የተቀመጠውን ኔትዎርክ አይደመስስም። ማሽኖቹን ከድልድዩ ሊለያቸው ስለሚችል ግን ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ቢደረግ ይመረጣል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ንግድ ቤት ይህን ቅደም ተከተል በወረቀት ጽፎ ከሰርቨሩ አጠገብ ቢለጥፍና ኀላፊውን አንድ ሰው ቢያደርግ፥ የአንድ ረዳት መቆም የአንድ ቀን ገበያ አያሳጣውም።