የአባት ላብ በድንጋይ ካብ ላይ
የኮንሶ ልጆች ምስጋናቸውን የሚገልጹት እርከኑን በመጠገን ነው

«የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚለው አባባል ብዙውን ጊዜ የሚነገረው በክፉ ነው። በኮንሶ ተራሮች ላይ ግን የአባት ዕዳ መልካም ዕዳ ነው። አባት ዕድሜ ልኩን ድንጋይ እየካበ አፈሩን አቆይቶለታልና፣ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ ያንን ካብ ከመፍረስ መጠበቅ ይኖርበታል። ታታሪ አባት ከሁሉ በላይ የሚመሰገነው በዚህ ሥራ ነው።

ኮንሶ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። መሬቱ ተዳፋትና ድንጋያማ ነው። ዝናቡ አነስተኛ ከመሆኑም በላይ ሲመጣ በአጭር ጊዜ በኃይል ስለሚወርድ፣ እርከን ባይኖር ኖሮ አፈሩን ጠራርጎ ወደ ሸለቆው በወሰደው ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ይህን ችግር የተቋቋሙት ያለ ሲሚንቶና ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ በመካብ ነው። ካቡ በአንዳንድ ሥፍራ እስከ 5 ሜትር ከፍታ አለው። ሥራው ከ400 ዓመት በላይ ወይም 21 ትውልድ ያህል ሲወራረስ የመጣ መሆኑ ታውቆ፣ የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በሰኔ 2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ካቡ የሚሰጠው ጥቅም

የኮንሶ እርከን ሦስት ሥራ ይሠራል። አፈሩን ይይዛል፤ የዝናቡን ውሃ በማሳው ውስጥ ያቆያል፤ የተረፈውን ጎርፍ ደግሞ ጉዳት ሳያደርስ ያሳልፋል። በእርከኑ ላይ ማሽላና ጥራጥሬ በቅይጥ ይዘራሉ፤ የሽፈራው ዛፍም በመካከሉ ይተከላል። ቅጠሉ የዘወትር ምግብ በመሆኑ ሰብል በሚቀንስበት ወቅት ለቤተሰቡ መድኅን ነው። የከብቱ ፍግም ከቤት እየተጋዘ ማሳው ውስጥ ይጨመራል።

ልጅ ይህን ሁሉ የሚማረው አባቱን እየተከተለ ነው። ገና በትንሽነቱ ጠጠርና ትናንሽ ድንጋይ ያቀብላል። ጉልበቱ ሲጠና ትልቁን ድንጋይ ከሥር ማስቀመጥ፣ ካቡን ወደ ተዳፋቱ ዘንበል ማድረግ፣ ከጀርባው በጠጠር መሙላት ይለምዳል። አባቱ ምን ያህል እንደደከመ የሚገባውም በዚያን ጊዜ ነው። አንድ ክንድ ካብ ለማቆም ስንት ድንጋይ ከስንት ርቀት በጫንቃ መምጣት እንዳለበት ያልሞከረ ሰው ሊያውቀው አይችልም።

ሁለት ዓይነት መታሰቢያ

የኮንሶ ሕዝብ ለሞቱ ጀግኖች ዋካ የሚባል ከእንጨት የተቀረጸ ሐውልት በማቆም ይታወቃል። ዋካ የሚቆመው ጠላትን ወይም አደገኛ አውሬን ለገደለና በኅብረተሰቡ ዘንድ ለተከበረ ሰው ነው። እንጨት ግን ምስጥ ይበላዋል፤ ዝናብ ያበሰብሰዋል። ብዙዎቹ ዋካዎችም እየተሰረቁ ተሸጠዋል።

ማሳውን ሲያቀና ለኖረ አባት የሚቀረው መታሰቢያ ካቡ ነው። ይህ መታሰቢያ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም። በየዓመቱ ከዝናብ በፊት ማሳው ይዞራል፤ ያበጠው ይቃናል፤ የተናደው ይካባል። የላይኛው ካብ ከተናደ ጎርፉ ታች ያለውን የጎረቤት ካብ ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ልጅ የአባቱን ካብ ቸል ቢል የሚጎዳው ራሱን ብቻ ሳይሆን የሌሎችን አባቶች ድካም ጭምር ነው።

ችግሩም በዚህ ላይ ነው። በኮንሶ ባህል ከመሬቱ ከፍ ያለውን ድርሻ የሚወርሰው በኩሩ ልጅ ሲሆን፣ ታናናሾቹ ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሄዳሉ። ካብ የሚጠግነው ጉልበት ይሳሳል። እርከን ዝናብ አያዘንብም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደቡቡን የኢትዮጵያ ክፍል የመታው ድርቅ ኮንሶንም ጎድቷል። ሆኖም ዝናቡ ሲመለስ ዘር የሚዘራበት አፈር ያለው፣ ካቡ ያልተናደበት ገበሬ ነው።

ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜኑና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ብዙ እርከን ተሠርቶ ነበር። ገበሬው የራሱ ሥራ አድርጎ ስላልቆጠረው በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ ብዙው ፈርሷል። በዚያ ላይ ከብት ልቅ ይሰማራበት ነበር። በኮንሶ ግን በመንደር አቅራቢያ ያለው ከብት በአመዛኙ ታስሮ፣ መኖ ታጭዶ እየቀረበለት ይቀለባል።

ከዚህ በመነሣት በየአካባቢው ያሉ የማኅበራት መሪዎች ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ከዝናብ በፊት የካብ ጥገና ቀን መወሰን፣ ጉልበት ላነሰው አዛውንትና ልጆቿ በከተማ ላሉባት እናት ደቦ ማውጣት፣ ልቅ ግጦሽን በስምምነት ማስቀረት፣ ካብ የሚያውቁ አባቶች ወጣቶችን በማሳው ላይ እንዲያሠለጥኑ ማድረግ ይገባቸዋል። ከተማ የሄደው ልጅም ቢሆን በጥገናው ሰሞን መጥቶ ቢያግዝ፣ መምጣት ካልቻለ ለደቦው ስንቅ ቢልክ፣ አባቱ ያቆመለትን ካብ አልረሳም ማለት ነው።