ፈረሱ ከመሮጡ በፊት ወረቀቱ ይሮጣል

ለፈረስ እሽቅድምድም ገበያ እንግዳ የሆነ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በሽልማቱ ላይ ነው። ሳዑዲ ካፕ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲጀመር 20 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተመድቦለት ነበር። የአውስትራሊያው ሜልበርን ካፕ ደግሞ በ2019 ስምንት ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ደርሷል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ገንዘቡ ፈጣን ፈረስ ላለው ሁሉ የተዘረጋ ይመስላል። ነገር ግን ከአየርላንድ ወይም ከጃፓን የተነሳ ፈረስ መወዳደሪያው ሜዳ ላይ ይቆም እንደሆነ አስቀድመው የሚወስኑት የደም ምርመራው ውጤት፣ የተነሳበት አገር የጤና ሁኔታና በኳራንቲን ማለትም በለይቶ ማቆያ የሚያድርባቸው ቀናት ናቸው። ፍጥነቱ የሚጠየቀው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ሜልበርን ካፕ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ውድድሩ ከ1861 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል። ዛሬ በኖቬምበር የመጀመሪያ ማክሰኞ ፍሌሚንግተን በተባለው ሜዳ በ3 ሺህ 200 ሜትር ርቀት ይሮጣል። ከመቶ ዓመት በላይ ሽልማቱን የአካባቢው ፈረሶች ሲከፋፈሉት ኖረው፣ በ1993 አይሪሹ አሰልጣኝ ደርሞት ዌልድ ቪንቴጅ ክሮፕ የተባለውን ፈረስ በአውሮፕላን አምጥቶ አሸነፈ። ከሰሜናዊው የምድር ክፍል መጥቶ ዋንጫውን የወሰደ የመጀመሪያው ፈረስ እሱ ነው። በ2006 ጃፓናዊው ዴልታ ብሉስ አንደኛ፣ የአገሩ ልጅ ፖፕ ሮክ ሁለተኛ ሆኑ። በ2018 ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት በሙሉ ከእንግሊዝ የመጡ ነበሩ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ተገልብጧል፤ አውሮፕላኑ ያደርሳል፣ ፈረሱ ይዋጋል።

ሁለት ጊዜ መታሰር

ከአውሮፓ ወደ ሜልበርን የሚሄድ ፈረስ ሁለት ጊዜ ይታሰራል። በመጀመሪያ በአገሩ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሌሎች ፈረሶች ተለይቶ ይቀመጣል። ከበረራው በኋላ ደግሞ ከሜልበርን በስተምዕራብ በምትገኘው ዌሪቢ በተዘጋጀው የማቆያ ጣቢያ ሌላ ሁለት ሳምንት ይቆያል። በሁለቱም ጊዜ ትኩሳቱ በየዕለቱ ይለካል። ከአፍንጫው ፈሳሽ ናሙና ይወሰዳል፣ ደሙም ይመረመራል። የሚፈለጉት በሽታዎች ብዙ ናቸው፤ የፈረስ ጉንፋን፣ ግላንደርስ፣ በመዥገር የሚተላለፈው ፓይሮፕላዝሞሲስ፣ ተላላፊው የፈረስ ደም ማነስና ሌሎችም። ፈረሱ የራሱ ፓስፖርት አለው። አንገቱ ውስጥ የተቀበረችው ማይክሮቺፕ ቁጥር ከፓስፖርቱ ጋር ካልገጠመች ጉዞው እዚያው ላይ ያበቃል።

ዌሪቢ ከተራ ጋጣ የሚለየው የራሱ መለማመጃ መም ያለው በመሆኑ ነው። ለሁለት ሳምንት እግሩን ያላፍታታ ፈረስ 3 ሺህ 200 ሜትር ሊሮጥ አይችልምና ልምምዱ በግቢው ውስጥ ይቀጥላል። ከፈረሱ ጋር የዋለ ባልደራስ ከግቢው ሲወጣ ገላውን ታጥቦ ልብሱን ይቀይራል። ይህ ትእዛዝ ተራ የጽዳት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ስንት ገንዘብ እንደሚያወጣ ዝቅ ብሎ ይታያል።

የባለቤቱ ወጪ የሚጀምረው አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ነው። ፈረሶቹ በአብዛኛው ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በአንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ቆመው ይበራሉ፤ ጉዞው ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሳንባቸውን ማጽዳት ስለማይችሉ አንዳንዶቹ ሲደርሱ የሳንባ በሽታ ይዟቸው ይገኛል። ይህ ሁሉ በደረሰኝ ላይ የሚታይ ወጪ ነው። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግን ሊበልጥ ይችላል። በኦክቶበር የመጀመሪያ እሑድ ፓሪስ ላይ የሚካሄደው የአርክ ደ ትሪዮምፍ ውድድር የአውሮፓ ትልቁ ቀን ነው። በዚያ ሰሞን ለሜልበርን ሲባል በማቆያ ያለ ወይም በመንገድ ላይ የሚገኝ ፈረስ እሱ ላይ አይገኝም። ባለቤቱ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው አለበት።

በኢስተርን ክሪክ የሆነው

አውስትራሊያ በዚህ ጉዳይ ከጥንትም ጥብቅ ነበረች። በ1956 የሜልበርን ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ የውጭ ፈረሶች ለወራት በማቆያ መቀመጥ አለባቸው የሚለውን ሕግ መንግሥት አልቀይርም በማለቱ የፈረስ ውድድሮቹ ወደ ስዊድን ተዛውረው ስቶክሆልም ላይ ተካሂደዋል። የአንድ ኦሊምፒክ ውድድሮች በሁለት አህጉር የተደረጉት በፈረስ በሽታ ፍራቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ምርመራው እየተሻሻለ ሲሄድ ቀኖቹ አጠሩ፣ በሩም ገርበብ አለ።

በ2007 የሆነውን ለመረዳት ስለ ዘር ፈረስ ንግድ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ቶሮብሬድ በተባለው የእሽቅድምድም ዝርያ ሰው ሠራሽ ማዳቀል የተከለከለ ነው፤ ውርንጭላው በመዝገብ እንዲሰፍር ድንጉላውና ባዝራዋ በአካል መገናኘት አለባቸው። የሰሜኑ የማስጠቂያ ወቅት ሲያበቃ የደቡቡ ይጀምራል። ስለዚህ ውድ ድንጉላዎች በየዓመቱ በኦገስት አካባቢ ወደ አውስትራሊያ ይበራሉ፤ ባለቤቶቻቸው በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ የማስጠቂያ ክፍያ ይሰበስባሉ።

በዚያ ዓመት ኦገስት ጃፓን ውስጥ የፈረስ ጉንፋን ተነስቶ አገሪቱ ውድድሮቿን ለጊዜው አቋርጣ ነበር። በዚያው ሰሞን ከጃፓን የተነሱ ድንጉላዎች ሲድኒ አጠገብ ወደሚገኘው ኢስተርን ክሪክ የማቆያ ጣቢያ ገቡ። ከመካከላቸው በቫይረሱ የተያዘ ነበር። ማቆያ የተሠራው ለእንዲህ ያለ ቀን ነውና በሽታው እዚያው ቢቀር ኖሮ ማንም አያነሳውም ነበር። ግን ወጣ። ሜይትላንድ በተባለች ከተማ በተደረገ የፈረሰኞች ዝግጅት ላይ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ ፈረሶች ተላልፎባቸው ወደየመጡበት ይዘውት ተመለሱ። ኦገስት 24 ቀን ሲድኒ መሃል በሚገኘው ሴንቴኒያል ፓርክ በሽታው መኖሩ ተረጋገጠ። በማግስቱ በመላ አገሪቱ ማንኛውም ፈረስ ካለበት እንዳይንቀሳቀስ ታዘዘ።

የፈረስ ጉንፋን ገዳይ በሽታ አይደለም፤ ችግሩ ፍጥነቱ ነው። የአውስትራሊያ ፈረሶች በሽታውን አይተውት ስለማያውቁ አልተከተቡም ነበር። ኒው ሳውዝ ዌልስና ኩዊንስላንድ በተባሉት ሁለት ግዛቶች ወደ 10 ሺህ በሚጠጉ ይዞታዎች ከ70 ሺህ የማያንሱ ፈረሶች ታመሙ። የሲድኒ የጸደይ ውድድሮች ተሰረዙ። ከውድድሩ የሚኖሩት ጋላቢዎች፣ አሰልጣኞች፣ ድርቆሽ ነጋዴዎች፣ የጭነት መኪና ባለንብረቶችና የውርርድ ቤቶች ገቢያቸው ቆመ። ባዝራዎቹ ወደ ድንጉላዎቹ መጓጓዝ ባለመቻላቸውም የማስጠቂያው ወቅት ተቃወሰ። መንግሥት ለመከላከያና ለድጎማ ያወጣው ብቻ ከ300 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነው። በሽታው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከአገሪቱ ጠፋ። እንዲህ በስፋት የተሠራጨን የፈረስ ጉንፋን ማጥፋት መቻል ራሱ እንደ ትልቅ ስኬት ይቆጠራል።

የቀድሞው የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ኢያን ካሊናን የመሩት መርማሪ ኮሚሽን በ2008 ያቀረበው ሪፖርት ለማንኛውም ነጋዴ ማንበብ የሚገባ ነው። ቫይረሱ ከጣቢያው የወጣው በሰው ገላ፣ በልብስ ወይም በዕቃ ላይ ሆኖ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ወደ ታመሙት ፈረሶች የሚገቡትና የሚወጡት ሰዎች መታጠብና ልብስ መቀየርን የመሰሉ መሠረታዊ ጥንቃቄዎችን መፈጸማቸውን የሚቆጣጠር አልነበረም። መመሪያው በወረቀት ላይ ነበር፤ በሩ ላይ ግን አልነበረም። የኢኮኖሚ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ያውቁታል። ሳይታጠብ የወጣው ሰው ያተረፈው ጥቂት ደቂቃ የግሉ ነው፤ ጉዳቱ ግን እሱን በማያውቁት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ወድቋል። ገበያው ብቻውን ይህን አያስተካክለውም። ለማቆያ የሚከፈለው ገንዘብ አላስፈላጊ ወጪ ነው የሚል አስመጪ ካለ፣ የ2007 ሒሳብ መልስ ይሆነዋል።

ሁለተኛው በር

ከበሽታው ምርመራ ሌላ አሁን ሁለተኛ በር ተጨምሯል፤ ይኸኛው የሚያየው ቫይረስ ሳይሆን አጥንት ነው። በ2020 ውድድር የእንግሊዝ ደርቢ አሸናፊ የነበረው አንተኒ ቫን ዳይክ እግሩ ተሰብሮ ሞተ። ከእሱ በፊትም በተከታታይ ዓመታት ከውጭ የመጡ ፈረሶች ሞተዋል። የውድድሩ የበላይ የሆነው ሬሲንግ ቪክቶሪያ በ2021 ባወጣው አዲስ ደንብ ከውጭ የሚመጣ ፈረስ ከመነሳቱ በፊትና ሜልበርን ከደረሰ በኋላ እግሮቹ በሲቲ ስካንና በመሰል መሣሪያዎች እንዲነሱ አዘዘ። በዚያው ዓመት ከአውሮፓ መጥተው የተወዳደሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የኮቪድ ሁኔታም የራሱ ድርሻ እንዳለው መዘንጋት የለበትም።

ደንቡ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በ2024 ታየ። የአየርላንዱ ኤይደን ኦብራየን የሚያሰለጥነው ጃን ብሩጌል አራት ጊዜ ሮጦ አራቱንም አሸንፏል፤ ከእነዚህ አንዱ በሴፕቴምበር የተካሄደው ታላቁ ሴንት ሌጀር ነው። በማቆያ ተቀምጦ፣ በርሮ፣ ሜልበርን ገብቶ ሳለ የእንስሳት ሐኪሞቹ ስካኑን አይተው የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው በማለት ከውድድሩ አወጡት። አሰልጣኙ ፈረሱ ፍጹም ጤነኛ ነው ብሎ በይፋ ተቆጣ። ጃን ብሩጌል ወደ አገሩ ተመልሶ በጁን 2025 ኤፕሰም ላይ የኮሮኔሽን ካፕን አሸነፈ።

ይህ ሐኪሞቹ ተሳስተዋል ማለት ነው? አይደለም። ስካን የሚናገረው ስለ ዕድል ነው፤ ያልተሰበረ እግር አደጋው እንዳልነበረ አያረጋግጥም። አንተኒ ቫን ዳይክም የዚሁ አሰልጣኝ ፈረስ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። የባለሀብቱ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። ወጪው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ በመጨረሻው ሰዓት፣ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ በሚሰጥ ውሳኔ ገንዘቡን ሊያጣ የሚችል ሰው ያንን ስጋት በስሌቱ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ገበያው መልሱን ቀድሞ አግኝቷል። አውስትራሊያውያን ባለሀብቶች የአውሮፓ ፈረስ ለሦስት ሳምንት እንግዳ ሆኖ እንዲመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ፈረሱን ገዝተው ያስቀሩታል። ወደ ኒውማርኬት ጨረታ ሄደው ረጅም ርቀት የሚችለውን መርጠው ይገዛሉ። ፈረሱ ማቆያውን አንድ ጊዜ ካለፈ የአገሩ ፈረስ ይሆናል። የ2022 አሸናፊ ጎልድ ትሪፕ ከፈረንሳይ ተገዝቶ የመጣ ነው።

ለአፍሪካ የተዘጋው መንገድ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ በሩ ለሚከፈትላቸው ነው። ከአፍሪካ የሚነሳ ፈረስ ታሪክ ሌላ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ደም በሚመጡ ትናንሽ ትንኞች የሚተላለፍ ሲሆን፣ ክትባት ያላገኙ ፈረሶች ዘንድ ሲገባ ከአሥር ዘጠኙን ሊገድል ይችላል። አህያና የሜዳ አህያ ግን እምብዛም ሳይታመሙ ቫይረሱን ይሸከማሉ። በ2020 ታይላንድ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ፈረሶች በዚህ በሽታ ሲያልቁ ጥርጣሬው የወደቀው ከአፍሪካ በገቡ የሜዳ አህዮች ላይ ነበር።

ደቡብ አፍሪካ በዓለም የታወቁ የእሽቅድምድም ፈረሶች አሏት። በ1997 ኬፕ ታውንን ከበሽታው ነፃ የሆነ ቀጣና አድርጋ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ተስማማች። በ2011 በሽታው በዙሪያው ባለው ግዛት በመከሰቱ ቀጥታው መንገድ ተዘጋ፤ እስከ 2024 ድረስም ሳይከፈት ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ወደ አውሮፓ የሚላክ ፈረስ ሞሪሸስ ላይ ብቻ 90 ቀን ያህል ይቀመጥ ነበር። የአንድ ፈረስ የእሽቅድምድም ዕድሜ ጥቂት ዓመት መሆኑን ለሚያውቅ ገዢ ይህ ከዋጋው ላይ የሚቀነስ ነው። በዚህ ምክንያት ጥሩ የደቡብ አፍሪካ ፈረስ ከአቻው የአውሮፓ ፈረስ ርካሽ ሆኖ ኖሯል።

ኢትዮጵያም በሽታው ዘወትር ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ለእሱ የሚሆን ክትባት ይሠራል። ጃን ሜዳ ላይ የሮጠ ፈረስ ዱባይ ላይ ልሩጥ ቢል የሚያቆመው ጉልበቱ ሳይሆን ይኸው ስም ነው። አገሪቱ የእሽቅድምድም ፈረስ ላኪ ስላልሆነች በዚህ በኩል የሚጎዳ ነጋዴ ጥቂት ነው። በከብት፣ በበግና በግመል በኩል ግን ሒሳቡ ያው ነው። በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ውስጥ ሲነሳ ሳዑዲ የአፍሪካ ቀንድ እንስሳትን አገደች፤ ገበያው በአንድ ጊዜ ተዘጋ። መልሶ የከፈተው የማቆያ ጣቢያ ነው። በ2006 ጅቡቲ ዳመርጆግ ላይ ክልላዊ ጣቢያ ተከፈተ። በ2009 ሳዑዲ በሶማሊያ እንስሳት ላይ የነበረውን እገዳ ስታነሳም በርበራ ላይ ማቆያዎች ተሠርተው ነበር።

እንስሳው በጣቢያው የሚቆይባቸው ቀናት መኖና ውሃ የሚበላ፣ ክብደት የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ጊዜ ናቸው። ከቦረና በግ ገዝቶ ለጅዳ ገበያ ዋጋ የሚያቀርብ ደላላ ከጭነቱና ከቀረጡ ጋር እነዚህን ቀናት፣ እንዲሁም ከመቶው ስንቱ በምርመራ ሊወድቅ እንደሚችል አስቀድሞ ያሰላል። ውል ሲዋዋልም የወደቀው እንስሳ በላኪው ወይስ በተቀባዩ ስም እንደሚመዘገብ ከመጫኑ በፊት በጽሑፍ ያሰፍራል።