የናራጋንሴት ባሕረ ሰላጤ ጭቃ

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፣ በሮድ አይላንድ ግዛት፣ ናራጋንሴት የሚባል ባሕረ ሰላጤ ይገኛል፤ አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር እንኳ የማይሞላ ስለሆነ፣ በውሃው የሚበቅለውና የሚሞተው ሁሉ ፈጥኖ ከወለሉ ጭቃ ይደርሳል። ዓይን የማያየው ዋቅላሚ፣ የጥቃቅን እንስሳት ኩስ፣ ወንዝ ያመጣው የቅጠል ፍርፋሪ፣ ይህ ሁሉ ብስባሽ ሌትና ቀን ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ጭቃ ለአንባቢ ማስተዋወቅ የወደድሁት፣ ያለ እርሱ ሥራ ባሕረ ሰላጤው በገዛ ልምላሜው መታፈኑ በበረታ ነበርና ነው።

ናይትሮጅን ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶውን ይዞ ሳለ፣ በጋዝነቱ ለአብዛኛው ፍጥረት የማይቀመስ ሀብት ነው፤ በአሞኒየም ወይም በናይትሬት መልክ በውሃ ሲሟሟ ግን ለባሕር ዕፀዋት ዋነኛ ምግብ ይሆናል፤ ከእርሻ ማዳበሪያና ከከተማ ፍሳሽ ከልክ በላይ ሲገባም ዋቅላሚው ተስፋፍቶ፣ ኋላም ሞቶና በስብሶ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ጭቃው ከዚህ ትርፍ ከፊሉን ወደ አየር የሚመልስበት ሥርዓት አለው።

በግልጽ ቱቦ ከወለሉ የተቀዳ ጭቃ ቢመረመር፣ ከላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወፍር ቡናማ ሽፋን፣ ከዚያ በታች ደግሞ እየጠቆረ የሚሄድና የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ክፍል ይታያል። ባክቴሪያዎች ብስባሹን ሲበሉ በውስጡ የነበረው ናይትሮጅን አሞኒየም ሆኖ ይለቀቃል፤ ኦክስጅን ባለበት በቡናማው ሽፋን የሚኖሩ ሌሎች፣ ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ዊኖግራድስኪ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ግድም ለይቶ ያሳወቃቸው ዓይነት፣ አሞኒየሙን ናይትሬት ያደርጉታል፤ ናይትሬቱም ወደ ታች ሰርጎ ኦክስጅን ከሌለበት ስፍራ ሲደርስ፣ በዚያ ያሉት ረቂቃን ፍጥረታት በኦክስጅን ፈንታ ናይትሬትን እየተነፈሱ ብስባሹን ይመገባሉ፤ ከእነርሱም የናይትሮጅን ጋዝ ይወጣል። እንግዲህ ብስባሹ የናይትሮጅኑ ምንጭ ሆኖ ሳለ ለእነዚህ ፍጥረታት ቀለባቸውም ነው፤ ኦክስጅኑን እየጨረሰ የሚሠሩበትን ስፍራ የሚያዘጋጅላቸውም እርሱው ነው። ጭቃውን እየማሰ ውሃ የሚያስገባው ትል ደግሞ ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙበትን ዳርቻ ያሰፋዋል፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የእርሱ ድርሻ ነው።

ነገር ግን ምድጃ ማገዶ ሲታጨቅበት እንደሚታፈን፣ ብስባሹም ከልክ ሲያልፍ ቡናማው ሽፋን ይጠፋና ጥቁሩ እስከ ላይ ይወጣል፤ ናይትሬት ሠሪዎቹ ኦክስጅን አጥተው፣ የተበላሸ እንቁላል በሚሸተው ጋዝ፣ በሃይድሮጅን ሰልፋይድም ተመርዘው ሥራቸውን ያቆማሉ፤ የተረፈውን ናይትሬት እንኳ ሌሎች ባክቴሪያዎች መልሰው አሞኒየም ያደርጉታል። አሞኒየሙም ወደ ውሃው ወጥቶ ዋቅላሚውን እንደገና ይቀልባል። በ2003 ኦገስት፣ የባሕረ ሰላጤው ክፍል በሆነው በግሪንዊች ቤይ አንድ ሚሊዮን ያህል ዓሦች ኦክስጅን አጥተው አለቁ፤ በማግስቱም ዓመት ግዛቲቱ ከፍሳሽ ማጣሪያዎች የሚወጣው ናይትሮጅን በግማሽ እንዲቀንስ በሕግ ደነገገች።

የጭቃውን ሥራ መለካት ቀላል አይደለም፤ የባሕር ውሃ አስቀድሞ ከአየር ብዙ ናይትሮጅን ስለሚይዝ፣ ከጭቃው የሚጨመረው ጥቂት ጋዝ በዚያ ብዛት ውስጥ ይሰወራል። ለዚህ መላ የሆነው አርጎን የሚባል ጋዝ ነው፤ አርጎንን የሚበላውም የሚሠራውም ሕያው ስለሌለ፣ ተመራማሪዎች የቱቦውን አፍ ዘግተው በውሃው ያለውን ናይትሮጅን ከአርጎኑ ጋር ደጋግመው ያመዛዝኑታል፤ ናይትሮጅኑ እየበዛ ከሄደ ጭቃው እየለቀቀ ነው። ሮቢንሰን ፉልዋይለር፣ ስኮት ኒክሰንና ባልደረቦቻቸው በ2006 የሙቀት ወራት በናራጋንሴት ሲለኩ ግን ነገሩ ተገልብጦ ተገኘ፤ ጭቃው መልቀቁን ትቶ፣ በውሃው የሟሟውን ጋዝ እየወሰደ ለሕያዋን ወደሚስማማ ምግብ ይለውጠው ነበር። ጥናቱ በ2007 ኔቸር በተባለው መጽሔት ሲታተም፣ የጠረፍ ጭቃ ዘወትር ናይትሮጅን አስወጋጅ ነው የሚለውን የቆየ እምነት አናጋው። ምክንያቱንም ያገኙት በላይኛው ውሃ ነበር፤ ባሕረ ሰላጤው እየሞቀ በመሄዱ፣ ከብርድ ወራት እስከ ጸደይ ይታይ የነበረው የዳያቶም፣ ማለት የአንድ ዓይነት ዋቅላሚ፣ ልምላሜ ሳስቶ፣ ወደ ወለሉ የሚወርደው ቀለብ ቀንሶ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ፣ ከቧንቧ የሚፈሰውን ናይትሮጅን በሚቆጥሩ ሰዎች መዝገብ ላይ፣ ጭቃው በተራበ ጊዜ የሚያስገባውም መቆጠር ይኖርበታል።