የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፦ ያገለገለ መኪና በየስንት ጊዜው ይቀየርለት?

ባሕር ዳር፦ የሞተር ዘይት በወቅቱ መቀየር እንዳለበት የማያውቅ ባለ መኪና የለም ማለት ይቻላል። የተቀየረበት ኪሎ ሜትር በወረቀት ይጻፋል፤ ጊዜው ሲደርስ መካኒኩም አሽከርካሪውም ያስታውሳሉ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ግን ብዙ ጊዜ አስታዋሽ የለውም። መኪናው ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ሲተላለፍ ዓመታትን ካስቆጠረ ደግሞ ዘይቱ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ሰው አይገኝም።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ወደ አገር ሲገቡ የሚከፈልባቸውን ታክስ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በመሆኑም በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ ማቆየት ለከተማው ነዋሪም፣ መኪና ገዝቶ ቤተሰቡን ለሚያስተዳድረው አርሶ አደርም የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። ካምቢዮ ከተቃጠለ ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ቀላል የማይባለውን ድርሻ ሊወስድ ይችላል። ዘይት መቀየር ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ጥቂት ነው።

የዘይቱ ሥራ ምንድን ነው?

በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ውስጥ የዘይት ዋና ተግባር ጥርሶችን ማለስለስ ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ግን ዘይቱ ብዙ ኃላፊነት ተሸክሟል። በቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ዘይቱ ነው። ማርሽ እንዲቀየር የፍሪሲዮን ሰሌዳዎችን በግፊት የሚያጣብቀውም እሱ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሙቀትን ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል፤ ብረትን ከመፋጨት ይጠብቃል፤ ከሰሌዳዎቹ የሚረግፈውን ብናኝም ይሸከማል።

የዚህ ዘይት ቀንደኛ ጠላት ሙቀት ነው። ካምቢዮው በጤናማ ሁኔታ ሲሠራ የዘይቱ ሙቀት በአብዛኛው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዘይቱ ዕድሜ በግምት በግማሽ እንደሚቀንስ በዘርፉ የሚሠራበት ስሌት ያመለክታል። ሙቀቱን የሚያንረው ደግሞ ጭነት፣ ዳገት፣ ጭቃና በየደቂቃው ቆም እያለ የሚሄድ የከተማ ትራፊክ ነው።

በየስንት ኪሎ ሜትሩ?

ለሁሉም መኪና የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። የመጀመሪያው መመሪያ የአምራቹ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በሌለበት ጊዜ ግን ለብዙ አሮጌ መኪኖች የሚያገለግለው ልማድ የሚከተለው ነው፦ በመደበኛ አጠቃቀም ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ በከባድ አጠቃቀም ደግሞ ከ40 ሺህ እስከ 50 ሺህ ኪሎ ሜትር።

«ከባድ አጠቃቀም» የሚለው ቃል የጭነት መኪናን ብቻ ያስታውስ ይሆናል። አምራቾች ግን ቃሉን የሚጠቀሙት ለአቧራማ መንገድ፣ ለተደጋጋሚ ዳገት፣ ለከፍተኛ ሙቀት፣ ለሙሉ ጭነትና ለታክሲ ሥራ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ ወደ አባይ በረሃ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ሊማሊሞንና ጣርማ በርን የሚመላለስ መኪናም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። ስለዚህ በአገራችን የሚሠራ አብዛኛው መኪና በከባድ አጠቃቀም ሥር ቢቆጠር ስህተት አይሆንም።

ቁጥሩን ወደ ጊዜ መለወጥም ይጠቅማል። በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የቤት መኪና በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ3 ዓመት 45 ሺህ ይሞላል። በቀን 120 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ታክሲ ግን ያንኑ ርቀት በ1 ዓመት ከ3 ወር ይጨርሰዋል። ጥቂት የሚነዳ መኪና ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ዘይቱን መቀየር ተገቢ ነው።

አንዳንድ መኪኖች «ዘይቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል» ተብሎ ይነገርላቸዋል። ይህ አባባል የመኪናውን የመጀመሪያ ዓመታት ታሳቢ ያደረገ እንጂ ለ20 ዓመት ያገለገለ መኪናን የሚመለከት አይደለም። የማይሞቅና የማያረጅ ዘይት የለም።

ታሪኩ የማይታወቅ መኪና

ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አምኖ ሒሳብ ቢሠራ ሊሳሳት ይችላል። ቆጣሪው ወደ ኋላ የተመለሰ ሊሆን ይችላል፤ ትክክል ቢሆንም እንኳ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ አይናገርም። ስለዚህ የሚበጀው ያለፈውን ከመገመት ይልቅ ዘይቱን መርምሮ፣ ካምቢዮው ጤናማ ከሆነ ቀይሮ፣ ቆጠራውን ከዚያ ቀን መጀመር ነው። ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ተጽፎ ከመኪናው ሰነድ ጋር ቢቀመጥ ለቀጣዩ ባለቤትም ምስክር ይሆናል።

ዘይቱ እንዴት ይመረመራል?

የዘይት መለኪያ ዘንግ ያላቸው መኪኖች በቀላሉ ይመረመራሉ። በአብዛኞቹ መኪናው ተነድቶ ከሞቀ በኋላ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ፍሬን ተረግጦ የማርሽ ዘንጉ በሁሉም ቦታዎች አልፎ «ፒ» ላይ ይመለሳል። ከዚያም ሞተሩ እየሠራ ልኬቱ ይታያል። ሞተሩ ጠፍቶ እንዲለካ የሚያዝዙ አምራቾችም ስላሉ መመሪያውን መመልከት ያስፈልጋል። ዘንግ የሌላቸው መኪኖች ከሥር ባለ መፈተሻ ቡሎን፣ በተወሰነ የዘይት ሙቀት ስለሚለኩ ወደ ጋራዥ መውሰድ ግድ ነው።

ዘይቱ በነጭ ጨርቅ ላይ ሲንጠባጠብ ብዙ ይናገራል። የብዙዎቹ አዲስ ዘይት ቀለም ቀይ ነው። ጥቂት የጠቆረ ከሆነ የመቀየሪያው ጊዜ ቀርቧል። ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው ፍሪሲዮኑ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ግን ውኃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ መቀደዱ ነው። እንዲህ ያለ መኪና መነዳት የለበትም።

«ከተነካ ይበላሻል» የሚለው ፍርሃት

«ዘይቱ ከተቀየረ ካምቢዮው ይሞታል» የሚለው አባባል በብዙ ጋራዦች ይሰማል። አባባሉ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ለረጅም ዓመታት ዘይቱ ባልተቀየረ ካምቢዮ ውስጥ የፍሪሲዮን ሰሌዳዎች ያልቃሉ፤ የረገፈው ብናኝ በዘይቱ ውስጥ ተንሳፍፎ የተዳከመውን ሰሌዳ ለጊዜው እንዲይዝ ያግዘዋል። አሮጌው ዘይት በአንድ ጊዜ ወጥቶ ንጹሕ ሲገባ ይህ ድጋፍ ይጠፋና ተደብቆ የነበረው ሕመም ይገለጣል። ካምቢዮውን የገደለው አዲሱ ዘይት ሳይሆን ሳይቀየር ያለፈው ዘመን ነው።

ስለዚህ ከመቀየር በፊት መለየት ያስፈልጋል። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ የማይጨምር፣ «ዲ» ላይ ሲገባ ዘግይቶ የሚይዝ፣ ማርሽ ሲቀይር የሚደነግጥ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በቅድሚያ በባለሙያ መመርመር አለበት። ያለቀን ሰሌዳ ዘይት አይመልሰውም። እነዚህ ምልክቶች የሌሉበት መኪና ግን ዘይቱ ቢጠቁርም በጥንቃቄ ቢቀየርለት ይጠቀማል።

በጥንቃቄ መቀየር ማለት ምን ማለት ነው?

የማፍሰሻው ቡሎን ሲፈታ የሚወጣው ዘይት ሁሉም አይደለም። ቀሪው በቶርክ ኮንቨርተሩና በማቀዝቀዣው መስመር ውስጥ ይቀራል። ለምሳሌ በአጠቃላይ 7 ሊትር የሚይዝ ካምቢዮ አንድ ጊዜ ሲፈስ 3 ሊትር ቢወጣ፣ አዲስ ከተሞላ በኋላ 57 ከመቶው አሁንም አሮጌ ነው። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ተነድቶ ሲደገም አሮጌው ወደ 33 ከመቶ ይወርዳል፤ በሦስተኛው 19 ከመቶ ገደማ ይሆናል።

ለቆየ ካምቢዮ የሚመከረው ይህ ቀስ በቀስ የሚከናወን አቀያየር ነው። በማሽን ግፊት አጥቦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስወጣት የተጠራቀመውን ቆሻሻ ወደ ጠባብ የዘይት መተላለፊያዎች ሊገፋው ስለሚችል ለተዘነጋ ካምቢዮ አይመረጥም። የወጣው ዘይት ተለክቶ ያንኑ ያህል ይሞላል፤ ከሞቀ በኋላ ልኬቱ እንደገና ይታያል። ሲበዛ አረፋ ይፈጥራል፤ ሲያንስ ግፊት ያሳጣል። የታችኛው ክዳን ከተፈታ ፊልትሮው ይቀየራል ወይም እንደ ዓይነቱ ይጸዳል፤ ጓርኒሲዮኑም ይታደሳል። በማግኔቱ ላይ የሚገኝ ደቃቅ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፤ የብረት ስባሪ ግን የአደጋ ምልክት ነው።

የዘይቱ ዓይነት

ቀለሙ ቀይ የሆነ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። ለምሳሌ በቶዮታ መኪኖች «ቲ ፎር» የሚጠይቁ አሉ፤ «ደብልዩ ኤስ» የሚጠይቁም አሉ። ሌሎች አምራቾች «ዴክስሮን» የተባለውን ደረጃ ይጠቅሳሉ። ቋሚ ማርሽ ሳይኖረው በቀበቶ የሚሠራው «ሲቪቲ» ካምቢዮ ደግሞ የራሱ ዘይት አለው፤ የተለመደው የአውቶማቲክ ዘይት ከተጨመረበት ቀበቶው ሊንሸራተትና ሊጎዳ ይችላል። ቪትዝን በመሳሰሉ መኪኖች ሁለቱም የካምቢዮ ዓይነቶች ስላሉ የመኪናውን ስም ብቻ ነግሮ ዘይት መግዛት አያስተማምንም። በመለኪያ ዘንጉ ወይም በመመሪያው የተጻፈውን ማንበብ፣ ዕቃው እሽጉ ያልተከፈተ መሆኑንም ማየት ይገባል።

ከመንገድ ላይ ጥንቃቄ

የአውቶማቲክ ካምቢዮን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ በአብዛኞቹ መኪኖች የሚሠራው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ጎማው እየዞረ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፋጫል። በዚህ ምክንያት ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በቁልቁለት ሞተር አጥፍቶ መውረድ ካምቢዮውንም ሕይወትንም ለአደጋ ይዳርጋል፤ ፍሬኑም ረዳት ያጣል። የተበላሸ አውቶማቲክ መኪና ሲወሰድም ኃይል የሚቀበሉት ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው ወይም በመኪና ላይ ተጭኖ መሆን አለበት።

የወጣው ዘይት የት ይድረስ?

ከካምቢዮ የሚወጣ ዘይት የብረት ብናኝና ሌሎች ጎጂ ነገሮች አሉት። ማሳ ዳር ወይም ቦይ ውስጥ ሲደፋ አፈሩ ውኃና አየር እንዳያስገባ ያደርጋል፤ ለአፈሩ ለምነት የሚሠሩ ጥቃቅን ነፍሳትን ይገድላል፤ በዝናብ ታጥቦም ወደ ጉድጓድና ወደ ወንዝ ይደርሳል። የተቃጠለ ዘይትን ለከብት እከክ የመቀባት ልማድም ጎጂ ነው፤ እንስሳው በቆዳው ይመጠዋል፣ በምላሱም ይልሰዋል። የሚሻለው በክዳን በሚዘጋ ጀሪካን አጠራቅሞ ለሚረከቡ ጋራዦች ማስረከብ ነው።

አሮጌ መኪና ያለው ሰው በዚህ ሳምንት ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ማየትና የመቀየሪያውን ቀን መዝግቦ መያዝ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ብሂል ለካምቢዮም ይሠራል።