ስለ ዱር አራዊት ጥበቃና ስለ አዲሱ መሣሪያ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ያገራችን ሰው። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ግን ድር ቢያብር አንበሳን ከአዳኝ ሊያድነውም እንደሚችል ነው። ይህ ድር ከጥጥ የተፈተለ አይደለም፤ ከራዲዮ ሞገድ፣ ከሳተላይት፣ ከካሜራና ከእጅ ስልክ የተሠራ ነው። አስቀድሜ መሣሪያዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ እገልጻለሁ፤ ቀጥሎም ለእኛ ለይፋግ ልጆችና ለርብ ወንዝ ምን እንደሚጠቅሙ አመለክታለሁ።

በመጀመሪያ ችግሩን እንመልከት። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን በስሙ የሚጠራው ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲቋቋም የዋልያው ቁጥር ከ150 ብዙም አይበልጥም ነበር። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ከዚያ ወጣ። በመካከሉ ስካውቶች በእግራቸው ገደል ለገደል እየዞሩ ስለ ጠበቁት የዋልያው ቁጥር ከ800 በላይ ለመድረስ ችሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በአካባቢው ጦርነት በመነሣቱ ጥበቃው ላላ፤ ቁጥሩም እንደገና እጅግ ቀነሰ። ስካውት ምንም ያህል ትጉህ ቢሆን ከገደሉ ማዶ ያለውን አያይም። የጥይት ድምፅ ሰምቶ እስኪደርስ ድረስ እንስሳው ወድቋል። እንግዲህ መሣሪያው የሚያስፈልገው ሰው በማይደርስበት ቦታና ሰዓት ዐይንና ጆሮ ሆኖ እንዲያገለግል ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያ ካሜራ ነው። ይህ ካሜራ ከዛፍ ግንድ ላይ ታስሮ ይተዋል። ከፊቱ ሙቀት ያለው አካል ሲንቀሳቀስ ነቅቶ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ቀንና ሰዓቱንም ይመዘግባል። አዲሶቹ ዐይነቶች ፎቶግራፉን በስልክ መስመር ወዲያው ወደ ጠባቂዎቹ ይልኩታል። በጨለማ የሰውነት ሙቀትን የሚያይ ሌላ ካሜራም አለ። በኬንያ በማሳይ ማራ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ጠባቂዎች በዚህ ካሜራ እየተረዱ ሌሊት የሚገቡ አዳኞችን ለመያዝ ችለዋል።

ሁለተኛው በእንስሳው አንገት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ ነው። በውስጡ ያለው ትንሽ ተቀባይ ከሳተላይቶች የሚመጣውን የጊዜ ምልክት ይቀበላል። ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ ከየሳተላይቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል፤ የአራት ሳተላይቶችን ርቀት ካገኘም የቆመበትን ቦታ ለይቶ ይናገራል። እንስሳው ከወትሮው ውጭ ለብዙ ሰዓት ካልተንቀሳቀሰ ጠባቂዎቹ አንድ ነገር እንደ ደረሰበት ተጠራጥረው ይሄዳሉ። በሐረር አቅራቢያ በባቢሌ የዝሆን መጠለያም ዝሆኖች ወዴት እንደሚሄዱ በዚህ ዘዴ ተጠንቷል። ለእኛም ሩቅ ነገር አይደለም። በበጋ ወራት በፎገራ ሜዳ ላይ የምናያቸው ሽመላ የሚመስሉ ረጃጅም ግራጫ ወፎች ከሰሜን አውሮፓ እንደሚመጡ የታወቀው ቀለበትና እንደዚህ ያለ መሣሪያ ስለ ታሰረባቸው ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ጠባቂው በሄደበት ሁሉ ወጥመድ፣ የሰው ዱካ፣ የሞተ እንስሳ ሲያገኝ በእጅ ስልኩ ይመዘግባል። ስልኩ ቦታውንና ሰዓቱን ራሱ ይጨምራል። የሁሉም መዝገብ አንድ ካርታ ላይ ሲሰበሰብ ወጥመድ የሚበዛበት ሸለቆና ማንም ያልዞረበት ተረተር ፍንትው ብሎ ይታያል። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው «ስማርት» የተባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ ስለሚሰጥ በብዙ አገሮች ያሉ ፓርኮች ይጠቀሙበታል።

አራተኛው የላቦራቶሪ ጥበብ ነው። ሊቃውንት ከየአገሩ የዝሆን ፋንድያ ሰብስበው የዘር ምልክቱን በካርታ ላይ አስቀምጠዋል። የተያዘ የዝሆን ጥርስ ሲመጣ ከዚያ ጋር አስተያይተው እንስሳው የተገደለበትን አገር ይናገራሉ። ጥርሱ መቼ እንደ በቀለም ሊታወቅ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተደረገው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ በአየር ውስጥ ካርቦን 14 የተባለውን ነገር ስላበዛው መጠኑን በመለካት ዘመኑን ማስላት ተችሏል። ስለዚህ ነጋዴው «ይህ የአያቴ ጥርስ ነው» ብሎ ማታለል አይሆንለትም። ያገራችንም መንግሥት መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የሆነ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ አቃጥሎ ለገበያ እንደማያወጣው አሳይቷል።

ይህን ሁሉ ሳነብ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን መሣሪያ ለያዘው እንደሚያድር መርሳት አይገባም። ለዚህ ምስክር የሚሆነን የራሳችን ጣና ነው። በጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ወደ 15 የሚጠጉ የነጭ ዓሣ ዐይነቶች ይኖራሉ። ብዙዎቹ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው እንደ ርብና እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። በ1991 እና በ2001 መካከል በተደረገው ጥናት የነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የጥንቱ ሰው የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ላይ በመበተን ዓሣ ያሰክር ነበር፤ የዛሬው ግን ከላይኛው አገር ያለ ዘመዱ «ደፈረሰ፣ ሞላ» ብሎ ሲደውልለት ዓሣው የሚወጣበትን ሌሊት አውቆ መረቡን ይዘረጋል። ያው ስልክ ተቆጣጣሪ ሲመጣም ያስጠነቅቀዋል።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። መረብ ከሚጥሉት አንዱ አጎቴ ነው፤ የእኔም ደብተርና የደንብ ልብስ የተገዛው በዚያ ዓሣ ነው። ባለፈው ነሐሴ የዓሣ ሆድ ስከፍት እንቁላሉ እፍኜን ሞላው።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ እኮ ዓሣ ይሆን ነበር» አልኋቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ብተወው ግን ማታውኑ ሌላው ይጥልበታል። ያን ጊዜ ዓሣውም አልተረፈ፣ እኔም አልበላሁ።»

መልስ አጣሁ። ብዙ ጊዜ ካሰብሁ በኋላ የተረዳሁት ነገር ቢኖር የመሣሪያው ዋና ጥቅም ሌባን መያዙ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሕግ ያከበረው ሰው ሞኝ ሆኖ እንዳይቀር ማድረጉ ይበልጣል። አጎቴ የሚያስገሩት ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ጎረቤታቸው መተዉን የሚያረጋግጡበት መንገድ ስለሌላቸው ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ አለ፤ ይሁን እንጂ በሌሊት ወንዙ አፍ ላይ ምን እንደሚሠራ አዋጁ ራሱ አያይም። አስጋሪዎቹ ራሳቸው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ተራ ገብተው ያዩትን መረብ በስልክ ቢመዘግቡ፣ ካርታውም የሰው ስም ሳይጻፍበት በገበያ ቀን ለሁሉ ቢታይ፣ እያንዳንዱ የሌላውን መታቀብ በዐይኑ ያያል።

እርግጥ ነው፣ ካርታ እንጀራ አይሆንም። በዚህ ረገድ ኔፓል የተባለችው አገር ጥሩ ትምህርት ትሰጠናለች። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚያች አገር አንድም አውራሪስ በአዳኝ ሳይገደል ዓመቱ አለፈ። ወታደርና ካሜራ ብቻ አልነበሩም ምክንያቱ፤ ከፓርኮቹ ገቢ ከመቶ 30 እስከ 50 የሚሆነው በዙሪያው ላለው ሕዝብ እንዲውል በሕግ ተወስኗል። ስለዚህ በእኛም ዘንድ አስጋሪው በተከለከሉት ወራት የሚኖርበት ነገር አብሮ መታሰብ አለበት።

ይህን አሳቤን ለአጎቴ በነገርኋቸው ጊዜ ጥቂት ዝም አሉና «ቆጣሪውን ማን ይቆጥረዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የሚገባ ነው። መልሱም ከሳተላይት አይመጣም፤ እርስ በርስ ከመተማመን ነው እንጂ።

እንግዲህ ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ በመጪው ክረምት ጥቂቶቻችን ከአስጋሪ ወላጆቻችን ጋር ሆነን በርብ መግቢያ የሚጣለውን መረብ ለመቁጠር እንሞክር። መምህራን ካርታውን እንዴት እንደምናዘጋጅ ያስተምሩን። ወላጆችም ልጆች ናቸው ብለው እንዳይንቁን እለምናለሁ። ያ ድር በአንድ ሰው እጅ ብቻ ሲያዝ ማጥመጃ ነው፤ ሁላችንም ስንይዘው ግን አጥር ይሆናል።